ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት

ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017፣ መካነ ሰላም

የወረዳችን ብቸኛ ባለ ፈቃድ የድሮን አብራሪ ዛሬ ሥራ አገኘ። ብቸኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ስለሌለ አንደኛነቴን የሚከራከረኝም የለም። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተምሬ፣ ዓይኔን፣ ጆሮዬንና የደም ግፊቴን ተመርምሬ፣ አሥሩንም ጣቴን ቀለም ነክሬ አሻራ ሰጥቼ፣ በፈተናው ከመቶ ዘጠና አንድ አምጥቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ካርዱን ከያዝኩ ወዲህ ያነሳሁት ሁለት ሰርግ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሰርግ ሙሽራዋ ድምፁን ስትሰማ ሮጣ ዳስ ውስጥ ስለገባች ያነሳሁት ዳሱን ነው።

ሥራውን ያመጣችልኝ ረምዚያ ናት። የወረዳው የአደጋ ሥጋት ባለሙያ ናት፤ ልጆች ሳለን አንድ ክፍል ተምረናል፤ ያኔም ታርመኝ ነበር። አፋፍ ሥር የምትባል ጎጥ አለች፤ ከዚህ በእግር ሦስት ሰዓት ታስኬዳለች። ከበላይዋ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቋል። አምና ክረምት ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ነበር፤ አሁን እግር ይውጣል። ከሥሩ ሠላሳ አንድ ቤት አለ። ሰዎቹ የሚሰፍሩበት ቦታ ላይኛው ሜዳ ላይ ተለይቷል፤ ድንኳኑም መጋዘን ተቀምጧል። የወረዳው የአደጋ ኮሚቴ ግን ስንጥቁ ከየት እስከ የት እንደሆነ በካርታ ካልቀረበ ማንም አይነሣም ብሏል።

«ወላሂ ይሄነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእግሬም ለክቼዋለሁ» አለችኝ ስሜን ጠርታ። «የሰው ዓይን ማስረጃ አይሆንም አሉኝ። ያንተዋ ንብ ያየችው ግን ይሆናል አሉ።»

ንብ የምትለው ሌላውን ቃል ላለመጥራት ነው። እዚህ አገር ያንን ቃል ገበያ መሀል ጮክ ብለህ ብትናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ አንተ ያያል።

ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ተጽፏል። ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሄደዋል። በአጭሩ ማኅተሙ ለቅሶ ሄዷል። ሣልስት ሳይወጣ አይመለስም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የበረራ ፈቃድ ማመልከቻው አሥራ አራት ገጽ ነው። ማሽኔ ዘጠኝ መቶ ግራም ትመዝናለች። ማመልከቻው ከነአባሪዎቹ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ወጣ። ያስመዘንኩት በሥጋ ቤት ሚዛን ነው፤ ባለቤቱ በጾሙ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ስለነበር ሚዛኑን በደስታ ሰጠኝ። «አጥንት አለው?» ብሎም ጠየቀኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ «የሰው አልባው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ብዛት» ይላል። «0» ብዬ ጻፍኩ። የወረዳው ማመልከቻ ተቀባይ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ዜሮ ቁጥር እንጂ መልስ አይደለም፤ «የለም» ተብሎ ይጻፍ አለች። ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ፦ «ግን ሰው አልባ ከሆነ አንተ ለምን አስፈለግህ?»

ይህን ጥያቄ ባለቤቴ ጠይቃኝ ታውቃለች። ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት።

ዓርብ፣ ሰኔ 20፣ ደሴ

ማመልከቻውን ደሴ ድረስ በእጄ አመጣሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ በሚኒባስ፤ ጉልበቴ ከፊቴ ካለችው ሴትዮ በርበሬ ጋር ተዋውቋል። የተቀበለኝ ዋለ የሚባል መልከ መልካም የበረራ ፈቃድ ባለሙያ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መናደድ ይቀለኝ ነበር።

«ከመሬት በላይ ከመቶ ሃያ ሜትር አታልፍም» አለኝ።

«ከየትኛው መሬት?»

«መሬት አንድ ነው።»

«እኛ ጋ ሁለት ነው፤ ከገደሉ በላይ ያለና ከገደሉ በታች ያለ። አፋፉ ላይ ቆሜ አንድ ክንድ ወደ ፊት ብልካት አራት መቶ ሜትር ላይ ናት።»

አሰበበት። በጣም አሰበበት። «እንግዲያው ወደ ፊት አትላካት» አለኝ።

የቀረውን እኔው በቃሌ ደረደርኩለት፦ ከዓይን እይታ አለማራቅ፣ ከሰው አናት በላይ አለማብረር፣ በቀን ብርሃን ብቻ፣ ደመና ውስጥ አለመግባት፣ ፈቃዱ ከሚለው ቀንና ሰዓት ውልፍ አለማለት። ገረመው። ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝና «ያልገባህ ነገር ካለ ደውል፤ በተለይ ሰዓቱን» አለኝ።

ያልገባኝ ነገር! ዘጠና አንድ ስላመጣ ሰው ነው የምናገረው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር የአዲስ አበባ ልጆች ይሳሳቁ ነበር። ጥያቄ መጠየቅ ያኔ አብቅቷል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3፣ መካነ ሰላም

መጣ! መጣ! አንዲት ገጽ፣ ሁለት ማኅተም፣ አምስት ግልባጭ። «ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ6፡00 እስከ 10፡00 ሰዓት ብቻ።»

በፕላስቲክ አስለበጥኩት። ረምዚያ ሌላ ቀበሌ በሥራ ላይ ናት፤ በስልክ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ፤ ቶሎ በል ብቻ፤ ኮሚቴው ሐምሌ 16 ይሰበሰባል» አለች።

ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት መሆኑም የባለሙያ ሥራ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ካርታው ይጠራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ በመኖሩ በመንግሥት ላይ የነበረኝ አመለካከት ለአንድ ከሰዓት ያህል ተስተካክሏል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5፣ አፋፍ ሥር

ያረፍኩት አብሮ አደጌ አድማሴ ቤት ነው። የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቀን ስለሆነ ሚስቱ ዝናሽ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። አድማሴ ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያዬን ሲያይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። «ካፒቴን! አውሮፕላኑ የት ቆመ?»

ቤቱ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ለብሷል። ሦስት ዓመት መተማ ሰሊጥ እያጨደ ነው ያለበሰው። አንድ በአንድ አሳየኝ፤ የትኛው ቆርቆሮ በየትኛው ዓመት እንደመጣ ያውቃል።

ከሰዓት በፊት ስንጥቁን አየሁት። ከአድማሴ ጓሮ ሁለት መቶ እርምጃ ሽቅብ ነው። ተሻገርኩት። ስሻገር ጠጠር ጣልኩበት፤ ሲያርፍ አልሰማሁም። ነፋስ ስለነበር ይሆናል።

በስድስት ሰዓት ተዘጋጀሁ። በስድስት ሰዓት ከሩብ ደመና ከገደሉ ሥር ወጥቶ ጎጧን ዋጣት። ደመና ውስጥ አለመግባት፣ አንቀጽ አሥራ አንድ።

ማታ አድማሴ እንዲህ አለኝ፦ «ካፒቴን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮውን ብነቅለውና ተራራው ባይወርድ፣ በሐምሌ ዝናብ ልጆቼን አስደበድባለሁ። ባልነቅለውና ቢወርድ፣ ቤቴንም እኔንም ይዞ ይወርዳል። አንተ ንገረኝ። ልንቀለው?»

«ካርታው ይድረስ» አልኩት። በጣም ባለሙያ የሆነ ድምፅ ነበረኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ። ከዚህ ሆኖ የአባይ በረሃ ይታያል። በስድስት ሰዓት ደመና። በሰባት ዝናብ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

እንደ እሑድ። እንደ ትናንት። ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው፤ እኔ ሳጥኔን አቅፌ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስድስት ሰዓት እስኪሆን እጠብቃለሁ። በስድስት ሰዓት ደመናው ልክ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሰዓቱን አክብሮ ይገባል።

ዝናሽ ልብስ እያሰጣች አየችኝና «አሁን እንዳታበር የያዘህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሕግ» አልኳት።

«ሕጉ ፀሐይ አይወድም?»

ስለ ጥላ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ልብሱን ከስድስት ሰዓት በፊት አስገባች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ትናንት በስድስት ሰዓት ከሃያ ደመናው ትንሽ ስለገለጠ አስነሣኋት። ሼኽ ጠሃ ቀድመው በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተናግረው ነበር፦ «የምትሰሙት ድምፅ የይሄነው ነው። ይሄነውን ታውቁታላችሁ፣ ሰርግ የሚያነሳው። አትሽሹ።» ቄሱም በቤተ ክርስቲያን በኩል ተናግረዋል። ሁሉም እሺ ብሏል። ድምፁ ሲነሣ ግን እርሻ ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ተበተነ። አንድ ሽማግሌ ጥማዳቸውን ትተው ዛፍ ሥር ገቡ። ዝናሽ ሕፃኗን ታቅፋ አልጋ ሥር ተኛች። የእኔ መሆኑን ታውቃለች እኮ! ስትወጣ ሳቀች፤ ሕፃኗን ግን አላስቀመጠችም።

በሦስተኛው ደቂቃ ጉም መጣ፤ ከዓይኔ ጠፋች፤ መለስኳት። ያነሳሁት ጉም ነው። በጣም ጥርት ያለ ጉም።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሼኽ ጠሃ ጠሩኝ። ሃምሳ ዓመት ቁርኣን ያስቀሩ ሰው ናቸው፤ የሚያስተምሩበት መድረሳ ከስንጥቁ ሥር የመጀመሪያው ቤት ነው። «ልጄ፣ አብሽር፣ ልወቅስህ አይደለም። ግን ይህ ሰማይ በጠዋት ሲከፈት እያየህ ለምን ቀትር ላይ ታንኳኳዋለህ?»

ፈቃዱን ከፕላስቲኩ ሳላወጣ አሳየኋቸው። በአማርኛ ብዙም አያነቡም፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህን የጻፈው ሰው ወሎን ያውቃል?» አሉ።

«ቢሮው ደሴ ነው፣ ሼኽ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

መደወል እችል ነበር። አፋፉ ላይ ሲወጡ ኔትወርክ አለ። የዋለ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው። ምን ልለው ነው? «ሰዓቱ አልተስማማኝም፣ ለውጡልኝ» ብዬ? ሰነፍ ይለኛል።

ስንጥቁን ዛሬ በዝላይ ነው የተሻገርኩት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የመጨረሻው ቀን። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አልጻፍም። በስድስት ሰዓት ደመና፣ በሰባት በረዶ። በአሥር ሰዓት ሳጥኑን ዘጋሁ። አድማሴ «ልንቀለው?» አላለኝም። እሱን ነው ያልወደድኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን አንድ ቦታ መጻፍ አለበት።

ረምዚያ በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ። ካርታውን ልትወስድ ነው የመጣችው። የጉሙን ምስል አሳየኋት። እንዲራዘም እንጠይቅ ብላ ፈቃዱን ተቀበለችኝ። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄነው፣ ይሄ ከስድስት እስከ አሥር የሚለው በማን ሰዓት ነው?»

«በሰዓት ነዋ።»

ይዛኝ አፋፉ ላይ ወጣችና ራሷ ዋለ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ እኔም እንድሰማ።

«በፈረንጅ ነው እንጂ!» አለ ዋለ። «በረራ በሐበሻ ሰዓት ይጻፋል እንዴ? ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ረፋዱ አራት።»

«ቀኑ ግን በእኛ ነው የተጻፈው።»

«ቀኑን የሚጽፈው መዝገብ ቤት ነው። ሰዓቱን ደግሞ እኛ።» ከዚያም «ደውል ብዬው ነበር እኮ» አለ።

አሥር ጠዋት። አሥሩንም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ የተፈቀደልኝን ሰማይ እያየሁ፣ እስኪከለከልብኝ ድረስ ጠበቅኩ። ፈተናው ላይ የሰዓት ልዩነት ጥያቄ ነበር። በትክክል መልሼዋለሁ።

ረምዚያ አልተቆጣችኝም። «ኸይር ነው» አለች ብቻ፤ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ። ስንወርድ «ለሰዎቹ አንተ ትነግራቸዋለህ» አለችኝ።

ለአድማሴ «ደመናው እምቢ አለ፤ ፈቃዱ አለቀ» አልኩት። ሁለቱም እውነት ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18፣ መካነ ሰላም

ያለቀ ፈቃድ አይራዘምም። ያላለቀ ደግሞ መራዘም አያስፈልገውም። ስለዚህ አዲስ ማመልከቻ፤ አሥራ አራት ገጽ፤ ተሳፋሪ የለም። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ሦስት። ኮሚቴው በሌለ ካርታ አልወስንም ብሎ ተበትኗል። ረምዚያ ቀጠሮ ለምና ሰኞ እንደገና እንዲሰበሰቡ አድርጋለች። ምን ይዛ እንደምትቀርብ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን።

እሑድ፣ ሐምሌ 20፣ አፋፍ ሥር

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስነሣሁ። ያለ ፈቃድ። ሰደርያውን አልለበስኩም። አርባ ደቂቃ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ምንም አልከበደም፤ የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ስንጥቁ እኛ እንዳሰብነው አይደለም። ከመሬት ሆነን ስናየው አንድ መስመር ይመስለን ነበር። ከሰማይ ሲታይ የፈረስ ኮቴ ነው፤ አንዱ ጫፍ በመድረሳው በኩል፣ ሌላው በአድማሴ ቤት በኩል ወርዶ ሠላሳ አንዱንም ቤት አቅፏቸዋል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21፣ መካነ ሰላም

ኮሚቴው ምስሉን አየ። አንዱ አባል መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። «በጣም ጥሩ ምስል ነው» አለ። «የተነሣበት ቀን ግን ፈቃድ የለውም። በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ብንቀበል ነገ እኛ ነን የምንጠየቀው።»

ረምዚያ «ተራራው ቀን አያነብም!» ብላ ጮኸች። ቃለ ጉባኤ ላይ «ባለሙያዋ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ማሽኗን ወሰዱ፤ ካርዴንም ወሰዱ። ስፈርም ጠባቂው በጣም ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሳጥኑን ፈርቶ ነው። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቧት። አሁን በዚህ ወረዳ ባለ ፈቃድ አብራሪ የለም። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ተከብሯል።

ረምዚያ ምስሉን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ሰጠችኝ። «ሂድ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22፣ አፋፍ ሥር

ወረቀቱን መስጊዱ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ሰው ተሰበሰበ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሁሉም የየራሱን ቤት ፈለገ። «ውጡ» አልኳቸው። «ካርታም ኮሚቴም አትጠብቁ። ዛሬ ውጡ።»

ሼኽ ጠሃ «ሰምታችኋል» አሉና መጀመሪያ ወጡ፤ የደረሶቻቸውን ሎህ፣ የቁርኣን መማሪያውን የእንጨት ሰሌዳ፣ ተሸክመው።

አድማሴ ወደ ጎን ሳበኝ። «ካፒቴን፣ ስንጥቁን ከመጣህ ቀን ጀምሮ ስትሻገረው አልነበር?»

«ነበር።»

«እና ያኔ ምነው ውጡ አላልከንም?»

«ፈቃዴ ማንሳት እንጂ መናገር አይልም ነበር» አልኩት። ለቀልድ ነው። ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀና ትከሻዬን መታኝ። ባይስቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24፣ ላይኛው ሜዳ

ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ። ሠላሳ አንዱም ቤት ወጥቷል። ድንኳኖቹ መጋዘን ናቸው፤ ያለ ውሳኔ አይወጡም። ሰዉ ላይኛው መስጊድና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጨናንቋል፤ የተረፈው ላስቲክ ሥር ነው። የዝናሽ ሕፃን ታስላለች።

አድማሴ የሰው እህል ሲያወጣ፣ የሰው አሮጊት ሲሸከም፣ የሼኽ ጠሃን ኪታቦች በጆንያ ሲያመላልስ ዋለ። የራሱን ጣሪያ አልነካም። «ነገ ጠዋት ሰማዩ ሲገልጥ ነቅዬ ልጆቼን አለብሳለሁ» አለ። አትሂድ አልኩት። «ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ነው። አንድ ጠዋት ይበቃኛል» አለኝ።

እኔ አሥር ጠዋት ነበረኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ወረደ። ሦስት ሰዓት ገደማ። ሰማይ ጥርት ብሎ። አድማሴ ጣሪያው ላይ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ዓርብ አፈሩ ገና እየተንሸራተተ ስለነበር መጠጋት አልተቻለም፤ ትናንት ሲነጋ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወረደ። የት እንደሚቆፈር የሚያውቅ ግን አልነበረም። አፋፍ ሥር የለችም። መንገድ የለም፣ ዛፍ የለም፣ አጥር የለም፤ ቀይ አፈርና ድንጋይ ብቻ። እዚያው ተወልደው ያረጁ ሰዎች «የማን ቤት ነበር እዚህ?» እየተባባሉ ይከራከራሉ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ይቆፍራል። ዝናሽ መሀላቸው ቆማለች፤ የራሷን ደጅ ማግኘት አቅቷታል። አንድ ሰው ወደ እኔ መጥቶ «ያቺን ንብ አታመጣትም? ከላይ ታይልን» አለኝ። የሚሸሿት ሰዎች ናቸው። ቁም ሣጥን ውስጥ ናት አልኩት።

ሼኽ ጠሃ ወረቀቱን ከመስጊዱ ግድግዳ ሲወጡ ገንጥለው ይዘውት ነበር። ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፤ ረጥቧል፤ ይነበባል። ከናዳው ዳር አንድ ትልቅ ዓለትና የምንጩ የድንጋይ ካብ ተርፈዋል፤ ሁለቱም ምስሉ ላይ አሉ። ከዓለቱ እስከ አድማሴ ቤት ለካሁ። ናዳው ቁልቁል ስለሚወስድ ከዚያ ቀጥታ ወደ ታች መስመር አወጣሁ። «በዚህ መስመር» አልኩ። ሰባ እርምጃ ላይ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። አሥራ አንዱ አንድ ላይ ታስረው ነበር፤ ነቅሎ የጨረሳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገኘነው። ጉጠቱ እጁ ውስጥ ነበር።

ካርታው ያገለገለው ለዚህ ነው። ጥርት ያለ ካርታ ነው፤ አንድ ክንድ አልተሳሳተም።

ዛሬ ቀበርነው። ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ላስቲክ ሥር ሲቀመጥ ዝናሽ አጠገቤ መጣች። «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። «አንተ ባታየው ኖሮ ሬሳውንም አላገኘውም ነበር።» ይህን መስማት አልቻልኩም። ነገርኳት። ሰዓቱን፣ አሥሩን ጠዋት፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ፣ ያፈርኩት ለመጠየቅ እንደሆነ፣ በሐምሌ 15 አውቄ ደመናው ነው እንዳልኳቸው፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

መሬት መሬቱን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አድማሴ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«እንኳንም አላወቀ» አለች። «ወደ ቤቱ ሲወርድ ‹ይሄነው ባይኖር ሁላችንም አልቀን ነበር› እያለ ነው የወረደው።»

ከዚያ ተነሥታ ለለቀስተኛው ውኃ ልትቀዳ ሄደች።